ከላቫጆው በታች

ጥቅምት 12
ጠዋት ብርድ... ሥራው ግን ሞቅ ብሎ ዋለ። ከጢቾ የመጡ ሁለት አይሱዙዎች በጭቃ ተለውሰው ቀለማቸው አይለይም። ከወንድሜ ከግዛቸው ጋር አጥበን ስናበቃ ለአንዱ ዘይት ቀየርንለት። የተቃጠለውን እንደ ልማዳችን ወደ ቦዩ ደፋነው።

ጥቅምት 14
እማማ ዋጋዬ መጡ። ከቦዩ በታች ካሮት የሚያለሙት ጎረቤታችን። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ካሮት ፈትተው ሰጡኝና ቅመሺው አሉኝ። ገመጥኩ... ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ተፋሁት። ገበያ ወስደውት ሰው እያሸተተ ትቶባቸው ሄደ።
አልተቆጡም። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺም ሠርተሽ ብይ፣ እኔም ሠርቼ ልብላ» ብለውኝ ሄዱ።
ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 15
ለግዛቸው ነገርኩት። ውሃ ድሮም ወደ ታች ነው የሚሄደው አለኝ። ተኳረፍን።

ጥቅምት 18
እሁድ። ከቸርች መልስ ብቻዬን ጭቃና ዘይት ማስቀሪያ ሁለት ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ። ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው ሐዊ እንዴት እንደሚሆን አሳይታኛለች። ግዛቸው ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። በዚህ አቆፋፈርሽ ለፋሲካም አትደርሺም አለና ዶማውን ቀማኝ። ታረቅን ማለት ነው?

ጥቅምት 27
ወገቤ... ግን አለቀ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጭቃውን ያስቀራል። በሁለተኛው ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከሥር ባለው ቧንቧ ይወጣል። የተንሳፈፈውን እየቀዳን በርሜል ውስጥ። የተቃጠለውም ዘይት እዚያው። ከአዳማ መጥተው የሚወስዱ አሉ።

ኅዳር 3
ሳሙናም ቀንሰናል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር አረፋ የሌለው ምን እጥበት ነው ብሎ ሌላ ላቫጆ ሄደ። ሌሎቹም ቢከተሉትስ? ጌታ ያውቃል።

ኅዳር 11
ባለ ሚኒባሱ ተመለሰ። እዚያ ወረፋ በዛብኝ አለ። እኛም አረፋውን አላነሳንበትም።

ታኅሣሥ 6
ቶላ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከጎበሳ የመጣ። መኪናው ሲታጠብ እሱ አሮጌ ዘይቱን በጀሪካን ይዞ ወደ ቦዩ ሄደ። እኔ አፌን ሳልከፍት ግዛቸው በሳሙና እጁ ሮጦ ጀሪካኑን ያዘው።
ሹፌሩ ግራ ገባው። ቦይ አይደል እንዴ?
ግዛቸው፣ «ከታች እናታችን አሉ» አለው።
ሰውየው ደነገጠ። ስላላወቅኩ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለና ራሱ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠው። ሊሄድ ሲል ደግሞ በመስኮት ብቅ ብሎ «እናታችሁን ሰላም በሉልኝ» አለን።
እሺ አልነው። እማማ ዋጋዬ የምር እናታችን መስለውታል... ማንም አላረመውም።