አንዲቷን ልጅ መንታ ብሎ ለመዘገበው ቀበሌ

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደምበጫ

ለክቡር አቶ ታረቀኝ፣
ደብረ ኤልያስ አካባቢ ለምትገኝና ለክብርዎ ስል ስሟን ለማልጠራት ቀበሌ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ? ከሁሉም በላይ ማኅተምዎ እንደምን ከርሟል? ባለፉት አራት ወራት ዘጠኝ ጊዜ ልጠይቀው መጥቼ፣ ዘጠኝ ጊዜም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል ስለተባልኩ፣ ቀለሙ ደርቆበት እንዳይሆን ከልቤ ሰግቻለሁ።

እኔን ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ሥራነሽ እባላለሁ፤ በቀበሌዎ ስድስት ዓመት ሙሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ፣ የእርስዎን ሁለት በሬዎች ጨምሮ የስንቱን ከብት ስከትብ የኖርኩ ነኝ። ዘንድሮ ዓመቱ አላስቀመጠኝም። መስከረም ላይ ጎረቤቴና የልብ ወዳጄ መቅደላዊት ታመመችና መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ሦስት ጊዜ ባሕር ዳር ይዣት ተመላለስኩ፤ ጥቅምት ላይ ቀበርናት። ኅዳር ላይ ሥራዬ ወደ ደምበጫ ተዛወረ፤ ታኅሣሥ ላይ አልጋዬንና ድስቴን አይሱዙ ላይ ጭኜ ቤት ቀየርኩ። የመቅደላዊት የሰባት ዓመት ልጅም አብራኝ መጣች። አባቷ ሳትወለድ ያረፈ ነው፤ ዲማ ያለው አጎቷም የራሱን ስድስት ልጆች ማሳደጉ አቅቶታል፤ ስለዚህ በእናቷ አርባ ቀን ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ልጅቱ ለእኔ ተሰጠች። የክርስትና እናቷ ነኝና ማንም አልተገረመም።

በዚህ ሁሉ መሐል ጽሕፈት ቤትዎን የለመንኩት አንድ መሸኛ ብቻ ነው፤ ሥራነሽ ነዋሪያችን ነበረች፣ አሁን ከምታሳድጋት ልጅ ጋር ለቃለች የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት። ያለ እሱ እዚህ መታወቂያ አይሰጠኝም፤ ልጅቱም በእኔ ስም አትመዘገብም። ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ የመዝገብ ሠራተኛዎ አቶ አስማማው ልጅቱን በእኔ የቤተሰብ ቅጽ ላይ ሊያስገቡ ሁለት ወረቀት ተቀበሉኝ። ጤና ጣቢያው በሰጠው የልደት ወረቀት ላይ ሕሊና ትባላለች፤ ቤተ ክርስቲያን በሰጠችው የክርስትና ካርድ ላይ ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የወጣላት ስም፣ ወለተ ሚካኤል፣ ተጽፏል። እናት አንድ፣ የልደት ቀን አንድ። አቶ አስማማውም፣ ጥንቃቄያቸው ይባረክና፣ መንታ አድርገው መዘገቧቸው። በቀበሌው የክርስትና ስም የሌለው ክርስቲያን መኖሩን አላውቅም፤ እርስዎንም ጽዋ ማኅበር ላይ ታረቀኝ ብሎ የሚጠራዎ የለም። በዚህ አቆጣጠር የቀበሌዎ ሕዝብ በአንድ ጀንበር እጥፍ ሊሆን ይችላልና ለበላይ አካል ሪፖርት ቢያደርጉት ሽልማት ያስገኝልዎታል። እኔ በስድስት ዓመት አንዲትም ላም ሁለት ጊዜ መዝግቤ አላውቅም፤ ለነገሩ ላም በጆሮዋ ላይ ቁጥር ይንጠለጠልላታል።

ሁለተኛ፦ መሸኛውን ልወስድ ስመጣ፣ ሁለተኛዋ ልጅ የት ሄደች ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ሳቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቢሮ ውስጥ እንደማይሳቅ ማወቅ ነበረብኝ። ያጠመቋት ቄስ ገዳሙ በስተርጅና ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው መጥተው፣ ያጠመቅሁት አንዲት ልጅ ነው ብለው መሰከሩልኝ። አቶ አስማማው ተነሥተው መስቀል ተሳለሙና፣ አባቴ መዝገብ በቃል አይታረምም አሏቸው። ከመዝገብ የሚሰረዝ ሰው ወይ ራሱ በአካል ይቀርባል፣ ወይ የሞት ማስረጃ ይመጣለታል። በማግስቱ ወለተ ሚካኤልን በአካል ላቀርብ ልጅቱን ይዣት ገባሁ። አቶ አስማማው ከላይ እስከ ታች አይተዋት፣ ይህችማ ሕሊና ናት ብለው መለሱን።

ሦስተኛ፦ ይህ ከቅሬታ ይልቅ ምስጋና ነው፤ ለእርስዎም ነው። ጥር ላይ ቢሮዎ አስገብተው፣ ወንበር ሰጥተው፣ እንደ እህት መከሩኝ። ወለተ ሚካኤል ሞታለች ብዬ ብፈርም ሁለት ምስክር እርስዎ ራስዎ እንደሚፈልጉልኝና መሸኛዬን ከምሳ በፊት ይዤ እንደምሄድ ነገሩኝ። ደግነትዎን አልረሳውም። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፍትሐት የሚደረግለት በየትኛው ስሙ እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። መቅደላዊትን በዚያ በክርስትና ስሟ ፈትተን ከሸኘናት ገና ስድስት ወር አልሞላም። የቀረቻትን አንዲት ልጅ በክርስትና ስሟ ሞተች ብዬ ልፈርም? እጄን ይቁረጠው። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ያን ዕለትም ተናድጄ ነበር፣ ዝም ብዬ የወጣሁት ልጅቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስትሰማ ስለቆየች ነው። 

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ባለፈው ዓርብ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ግን መቁጠሩም አስጠልቶኛል። ከመንታዎቹ አንዷ የገባችበት ስላልታወቀ፣ ጉዳዩ በፖሊስ እስኪጣራ ድረስ የቀረችው ልጅ ከእኔ ተወስዳ ሌላ አሳዳጊ ዘንድ እንድትቆይ መወሰኑን ገልጸው፣ የፊታችን ሰኞ ይዣት እንድቀርብ አዝዘዋል። እናቷ አልጋ ላይ በወደቀችበት ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ ያልጠየቀ ጽሕፈት ቤት፣ ላልተወለደች ልጅ ይህን ያህል መጨነቁ ሆዴን አባብቶታል። ሕሊና ማታ ማታ የምትተኛው የቀሚሴን ጫፍ ጨብጣ ነው፤ ሌላ አሳዳጊ ሲፈልጉ ይህን ቢጽፉበት መልካም ነው።

ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ልጄን ግን ይዣት አልመጣም። በእርስዎ መዝገብ ልጄ ባትሆንም በሽማግሌ ፊት ተቀብያታለሁ፣ ማተቧንም በአንገቷ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ አሳልፌ አልሰጣትም። ብቻዬን ስመጣ የምታስሩኝ ከሆነ ስንቄን ይዤ እመጣለሁ። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለወረዳው አስተዳደር አስገብቻለሁ፤ ሌላውን ቅጂ ደግሞ ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ሲሰበሰብ፣ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ማንበብ ለማይችሉት ቄስ ገዳሙ ሊያነቡላቸው ቃል ገብተውልኛል።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና፣ ለመሳቢያዎም ቁልፍ ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሥራነሽ ተብላ የምትጠራው፣
ስትጠመቅ ወለተ ሰንበት የተባለችው፣
በመዝገብዎ እስካሁን አንድ ሰው የሆነችው ታዛዥዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትናንት በስቲያ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ያሉት ካህን ጸበል ሊረጯት እንደ ወጉ የክርስትና ስሟን ጠየቋት። ልጅቱ ዞራ ዓይን ዓይኔን አየችኝና፣ የለኝም አለቻቸው። እናም ክቡር ሆይ፣ መዝገብዎ በመጨረሻ ትክክል ሆኗልና እንኳን ደስ ያለዎ፤ ወለተ ሚካኤል የምትባል ልጅ ጠፍታለች። ለፖሊስ ሲጽፉ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በእርስዎ ጽሕፈት ቤት መሆኑን እንዳይዘነጉ አደራ።