ለብቻ ጉዞ የተከራየ ሚኒባስ

ሐሙስ

ለሚመለከተው ሁሉ፤ ዛሬ ረፋዱ ላይ የግራ ጫማዬ ሶል በሊስትሮው እጅ በክብር ተሰፍቶ ተመልሷል። ሀገር ይረጋጋ።

ጫማው ከነገ ወዲያ በረሃ ይወርዳል። እኔም አለሁበት። አዋሽ ፓርክ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በእግሬ፣ ብቻዬን።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። "በረሃው ሲመሽ ማየት ነው" ይለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ሊያሳየኝ ቃል ገብቶ። ሳያሳየኝ ሄደ። ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ይላል ሰፈራችን። ሙት ዓመቱ ወጣ፣ ጥቁሬን አወለቅኩ፣ አሁንም አልተውኝም። ታናሽ እህቴ ብርቄ "ለሳምንት" ብላ መጥታ አልጋዬ ላይ አረጀች። መጸዳጃ ቤት ትንሽ ስቆይ በር ይንኳኳል። "እትዬ፣ አለሽ?" ወዴት ልሄድ? በቧንቧው? ዓይኔ ገና እርጥብ ሲል አምስት መሐረብ ይዘረጋል። "በቃሽ፣ በቃሽ።" ገና ሳልጀምር!

ስለዚህ ይመዝገብ፦ የቅዳሜው ጉዞ ሽርሽር ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ዓርብ

ወሬው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለችው የክርና የቁልፍ ሱቄ ተነስቶ፣ ጊዮርጊስን ዞሮ፣ ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተፈራ መጥተው ባንኮኒዬን በከዘራቸው አንኳኩ።

"ከማን ተጣላሽ?"

"ከማንም አልተጣላሁም፣ ጋሽዬ።"

"ሰው ሳይጣላ ብቻውን ይሄዳል እንዴ?"

"እርስዎ ብቻዎን ሆነው አያውቁም?"

አሰቡ። "አንድ ጊዜ። ሊፍት ውስጥ። አልወደድኩትም።"

ብርቄ ደግሞ፦ "ጅብ ቢበላሽ ለሰው ምን እላለሁ?"

"ጠግቧል በይ።"

ማታ ላይ ብርቄ ድንገት ተለወጠች። አልተከራከረችም፤ አላለቀሰችም። አሸነፍኩ!

ቅዳሜ፣ በመንገድ ላይ

አላሸነፍኩም።

ሊነጋጋ ሲል ደጄ ላይ ሚኒባስ ቆሟል። ውስጡ፦ ብርቄ፣ ጋሽ ተፈራ፣ የእድሩ እኩሌታ፣ አንድ ድስት፣ ፔርሙዝ። ጋሽ ተፈራ ጋቢ ደርበዋል። ለበረሃ!

"ምንድነው ይሄ?"

"ብቻሽን ስትሄጂ ልንሸኝሽ ነው" አሉኝ ጋሽ ተፈራ፣ ነውር የሌለው ነገር እንደሚናገር ሰው።

ናዝሬትን አልፈናል። ሁሉም ይዘፍናል። እኔ አኩርፌያለሁ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲያጎርሱኝ ግን አፌን ከፈትኩ። ኩርፊያና ረሃብ አይገናኙም።

እሑድ

ትናንት ፓርኩ በር ላይ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ፦ ያለ ጠባቂ በእግር መግባት ክልክል ነው። ጠባቂው አሊ ይባላል፤ የበረሃ ልጅ ነው። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ እኔን አየ፤ ቀጥሎም ሚኒባስ ሙሉውን ሰው አየ። ገባው።

"ብቻሽን ትሄጃለሽ" አለኝ። "እኔም ከኋላሽ ብቻዬን እመጣለሁ።"

እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም።

ብርቄ ልትወርድ ስትል የሚኒባሱን በር ዘጋሁት። "ከዚህ አንድ እግር ቢወርድ እዚያው እቀራለሁ፤ ከአውሬው ጋር እድር እመሠርታለሁ!"

ጋሽ ተፈራ ከዘራቸውን አነሱ። "ቁጭ በሉ! ሐዘንተኛዋ ተናግራለች።"

ሄድኩ። ቢጫ ሣር፣ እሾሃም ግራር፣ እስከ ተራራው ድረስ ባዶ ሜዳ። ሳላዎች ቆመው አዩኝ፤ ቀንዳቸው እንደ ሹራብ መሥሪያ መርፌ ቀጥ ብሏል። ፀሐይ ስትገባ ሜዳው ሁሉ የመዳብ ቀለም ያዘ። በር የለም። የሚያንኳኳ የለም። ባለቤቴን በስሙ ጠራሁት። "ይኸው፣ መሸልህ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ያልኩት እኔና እሱ ዘንድ ይቀመጥ።

አሊ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ጠመንጃውን ይወለውል ነበር። መሐረብ አልሰጠኝም። እግዜር ይስጠው።

ስመለስ ጨልሟል። የሚኒባሱ መብራት በርቷል። አንድም ሰው አልወረደም፤ ጋሽ ተፈራ በጋቢያቸው ውስጥ በላብ ቀልጠዋል። ከጨለማው ማዶ አንድ ድምፅ፦

"እትዬ፣ አለሽ?"

"አለሁ!" አልኩ። ሳልናደድ።

ዛሬ ብርቄ ወደ ቤቷ ልትመለስ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። አጣጥፋ የጨረሰችውን እንደገና ስትዘረጋ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ማረሚያ፦ ሐሙስ ዕለት በዚህ ደብተር "ሽርሽር ነው" ተብሎ የሰፈረው፣ "ልቅሶ ነው፤ በሐዘንተኛዋ በራሷ፣ ያለ ረዳት፣ በወጉ ተፈጽሟል" ተብሎ ይስተካከል። ስለ ጫማው የተባለው እንዳለ ይጸናል።