መቃብርሽ ድረስ ይዤው የመጣሁት ፊውዝ

እታገኝ፤

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም። መልስ ለማይመጣለት ጥያቄ ቀለም ማባከን አልወድም፤ ይህን ጠባዬን ታውቂዋለሽ። የቤቱን ልንገርሽ። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ስለነበር ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን ራሴ ወጥቼ ቀየርኩት። ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ እኔም እምቢ አልኩት። የበለሱ አጥር በላይኛው በኩል ተንዶ የጎረቤት ፍየል መግቢያ አድርጎታል። ያቺ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቂባት ድንጋይ ግን እንዳለች ናት። ማንም እንዲቀመጥባት አልፈልግም ነበር። ዘንድሮ ተቀመጡባት። ንዴቴም ከዚያች ድንጋይ ይጀምራል። ነሐሴ አልፎ ጳጉሜ ገብቷል፤ ንዴቱ ግን ገና አልበረደልኝም።

አልጋ ላይ ሳለሽ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጆቹ በየዓመቱ ለሻደይ እዚህ ሰቆጣ ይሰብሰቡ፣ የቤቱ በር እንዳይዘጋ አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። አምና ደሳለኝ የጭነት መኪናውን ትቶ ከኮምቦልቻ መምጣት አልቻለም። ዘንድሮ ግን ሁለቱም መጡ፤ እሱ ብቻውን፣ ሲንዱ ልጇን ይዛ ከወልዲያ። እኔም ሁሉን አስቀድሜ ደንግጌ ነበር። ፍልሰታን አብረን እንፈታለን፣ ልጅቷ የሻደዩን ለምለም ሣር ወገቧ ላይ አስራ ከእኩዮቿ ጋር ትጫወታለች፣ ከፍቺው በሦስተኛው ቀን ሁላችንም አገርሽ ፃግብጂ ሄደን መቃብርሽ ላይ ጸሎት እናስደርሳለን። ቀኑን ለቄሱም ለዘመዶችሽም ልኬ ነበር።

ሲንዱ ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ለካ ማስተርሷን እየተማረች ነው፤ ያውም በኦንላይን። መምህሩ አንድ ከተማ፣ ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው፣ የሚገናኙት በስልክና በኮምፒውተር ነው። «አባዬ፣ እኔ ዕረፍት ላይ ነኝ፤ ትምህርቱ ግን ዕረፍት አልወጣም» አለችኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አሰብኩበት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተናደድኩ።

የትምህርቱ ስም የትምህርት ቴክኖሎጂ ይባላል። ምን ማለት ነው ብላት፣ መምህር በማይደርስበት ቦታ ትምህርትን በመሣሪያ ማድረስ ነው አለች። ሳቅኩባት። ሬዲዮ ጠግኜ በትከሻዬ ተሸክሜ አምደወርቅ ትምህርት ቤት ድረስ በእግሬ የሄድኩት እኔ ምን ስሠራ ኖሯል? የሬዲዮው ትምህርት ሲቋረጥ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይለቀቁ ነበር፤ እኔ ስደርስ ይመለሱ ነበር። ያንን ሙያ ማንም አላስተማረኝም። ይህን ስነግራት «እንግዲያው ፕሮፌሰር ነዎታ!» ብላ ተነሥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። ደሳለኝ በሳቅ ወደቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ አንቺ ብትኖሪ ታውቂብኝ ነበር።

ደንብ አወጣሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ለኮምፒውተሩ፣ ከዚያ በኋላ ለቤተሰብ። እሺ አለች። በማግስቱ የቡድን ስብሰባቸው ወደ ከሰዓት ተዛወረ፤ አንዱ ሥራ ላይ ነው፣ ሌላዋ ልጇ ታሞባታል። በግቢያችን ኔትወርክ የሚገባው ደግሞ ያቺ ድንጋይሽ ላይ ብቻ ነው። ምሳ ቀርቦ ሁላችንም ከበናል፤ እሷ ጃንጥላ ዘርግታ ድንጋይሽ ላይ ተቀምጣ ለስልክ ታወራለች። «አባዬ፣ አሥር ደቂቃ!» ትለኛለች ከዚያ ማዶ። ወጡ ቀዘቀዘ። ዝናቡ መጥቶ ሄደ። አሥር ደቂቃዋ አላልቅ አለ። ልጇ እናቷን ጥበቃ በር ላይ ቆማ እንጀራዋን ለዶሮ ስትበትን አየሁ።

ከዚያ የባሰው መጣ። የመጨረሻ ሥራዋን የምታስረክብበት ቀን ፃግብጂ የምንሄድበት ቀን ሆነ። «በአንድ ቀን ቢገፋልኝስ?» አለችኝ፤ በልመና ድምፅ እኮ ነው። ለቄስ የተነገረ ቀን አይገፋም አልኳት። ደሳለኝ ገባበትና «አባዬ፣ ቄሱ መቼም የትም አይሄዱ፣ እማዬም የትም አትሄድ» አለ። ከማዕዱ ተነሥቼ ወጣሁ። ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው የወጣሁት።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን መብራት ከከተማው ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የሲንዱ ኮምፒውተር ባትሪው አርጅቶ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይቆምም፤ የሚሠራው በእኔ ሶላር ነው። ያንን ሶላር ታስታውሺዋለሽ፤ በዚያ ክፉ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲጨልም አንቺ እንዳይጨልምብሽ ብዬ የገጣጠምኩት ነው። ከሰዓት በኋላ ሲንዱ ኮምፒውተሩን እንደበራ ትታ ልጇ ሻደይ ስትጫወት ልታይ ወጣች። ለአንድ ሰዓት እናት ልሁን ብላ የወጣች መሆኗን ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የመፍቻዎቼ ቦታ ላይ ተቀምጦ ያፈጥብኛል። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ፣ ወደ ኃይል መቀየሪያው፣ በሚሄደው ሽቦ ላይ ያለችውን ትንሿን የመስታወት ፊውዝ ነቀልኩና ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

ክፋት አልነበረም። ኃይል ካጣች ትተወዋለች፣ ትተኛለች፣ ጠዋት ልቧ ሙሉ ሆኖ አንቺ ዘንድ ትመጣለች ብዬ ነው። ሬዲዮ ስትዘጊው ጣቢያው የትም አይሄድም፤ መልሰሽ ስትከፍቺው አለ። ኮምፒውተርም እንደዚያ መሰለኝ። ለካ ለመጨረሻ ሥራዋ የጀመረችው ቪዲዮ እሷ በሌለችበት ራሱን እየጨረሰ ኖሯል፤ ሲጠፋ ተበላሸ።

ተመልሳ መጣችና ደነገጠች። «አባዬ፣ ኢንቨርተሩ እምቢ አለ፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። ክዳኑን ሳልከፍት፣ ጎንበስ ሳልል፣ «ተቃጥሏል፣ አይሠራም» አልኳት።

እታገኝ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ለደንበኛም ለጠላትም ከፍቼ ሳላይ ይህ ዕቃ አይሠራም ብዬ አላውቅም። ሲንዱ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ አመነችኝ። ብትጠረጥረኝ፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» ብቻ አለችና ኮምፒውተሯን በሻሿ ጠቅልላ ወደ ሀጂ ሰይድ ሱቅ ወረደች። እሳቸው ጋ ጄኔሬተር አለ። ሀጂ ምን እንዳሉ ደሳለኝ ነገረኝ። «የአያ ተጫነ ቤት መብራት ጠፋ? ልጄ፣ ፀሐይ ጠፋ ብትይኝ ይቀለኝ ነበር!» ብለው ሱቁን ሁሉ አሳቁ። ከዚያም ከጨርቅ ጣቃው አጠገብ ወንበር ሰጧት፣ የቤታቸው ሴቶችም እራትና መኝታ ሰጧት። የኔ ልጅ በዕረፍቷ፣ አባቷ ከተማ ውስጥ እያለ፣ ሰው ቤት አደረች።

ጠዋት ፃግብጂ የመጣነው እኔ፣ ደሳለኝና የሲንዱ ልጅ ሦስታችን ብቻ ነን። ቀን አልቀየርኩማ! ጸሎቱ ሲያበቃ ለቄሱ የያዝኩትን ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ፊውዟ አብራ ወጥታ መቃብርሽ ሣር ላይ ወደቀች። ደሳለኝ አነሣት። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ፀሐይ አቅንቶ በመስታወቷ ውስጥ አያት። ክሯ አልተበጠሰም። «ደህና ናት እኮ» አለ። ከዚያ እኔን አየ። «ተቃጥሏል ያሉት ይህችን ነው?» አለኝ። እጄ ላይ መልሶ አስቀመጣትና «እኔ አልነግራትም፤ እርስዎ ይንገሯት» አለ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ሌላም ነገረኝ። የሲንዱ ሥራ ምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያት እንዳላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ያለ ኔትወርክ በስልክ የሚሠራ የንባብ ትምህርት ነው፤ ቤታቸው የአንቺን ቋንቋ ኽምጣንኛን ብቻ ሰምተው ላደጉ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህሩ የሚለው ለማይገባቸው ልጆች። አንቺ ከአንደኛ ክፍል ያቋረጥሽው ለምን ነበር? እሷ ታውቀዋለች፤ ነግረሻታል። ለኔ የነገርሽኝ ከተጋባን ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም እየሳቅሽ።

ሥራዋን አርፍዳ አስረከበች። መምህሩ ከነመዘግየቱ ተቀብሎ ውጤቷን ዝቅ አደረገባት። በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ስትስመኝ «ለከርሞ እንኳ እንጃ፣ አባዬ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ነሐሴ ላይ ነው የሚያርፈው» አለች። ኩርፊያ የለበትም፣ ድካም ብቻ ነው። እኔም ፊውዟን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ «ደህና ግቢ» ብቻ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የሚመላለስብኝ የተጋባን ዓመት ሻደይ ነው። የሀጂ አባት ሬዲዮ ጠረጴዛዬ ላይ ተበትኖ፣ አንቺ እናትሽ ጋ ውሰደኝ ስትዪ እኔ ነገ ስል ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን ብቻሽን ሄድሽ። እኔ እንኳ መሄድሽን ያወቅኩት ሲርበኝ ነው። ቀና ስል ምሳዬ ተከድኖ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጧል። መፍቻዬን ልትደብቂው ትችይ ነበር። የት እንደማስቀምጠው ታውቂ ነበር። አልደበቅሽውም።

አሁንም ቢሆን ሰው ከማዕድ ላይ ተነሥቶ ለስልክ ማውራቱ ነውር ነው እላለሁ። ለመቃብር የተቆረጠ ቀን ይከበራል እላለሁ። የተናገርኩትን አልመልስም። ፊውዟን ግን መልሻታለሁ፤ ኢንቨርተሩም ይሠራል። ከባትሪው እስከ ድንጋይሽ ያለውን ለክቼ ሽቦ ገዝቻለሁ። ከድንጋይዋ በላይ ሁለት ቆርቆሮ የሚሸከም አራት እንጨት አቁሜያለሁ። የተናደውን አጥር ትቼ ይህን ስሠራ ያየ ጎረቤት ሁሉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ይህን ደብዳቤ ለአንቺ ብጽፈውም ሰው እንዲያነበው የምፈልገው፣ ውሸቱ ከኔ ጋር ተቀብሮ ሲንዱ ያ ኢንቨርተር በርግጥ ተቃጥሎ ነበር ብላ እንዳትኖር ነው። ፊት ለፊት ልነግራት ሁለት ጊዜ ስልክ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ። እንዲነበብ አድርጎ የሚተይብልኝ ሰው ሰቆጣ ሞልቷል። እኔ ግን በእጄ እንደጻፍኩት አጥፌ ነገ በወልዲያው አውቶቡስ የምልከው ለእሷ ነው፤ በዚያ ኮምፒውተሯ እንድትተይበው። እንግዲህ ተተይቦ ሰው እጅ ከገባ ከሁሉ በፊት ያነበበችው እሷ ናት። ሳትተይበው ብታስቀረውም ማወቋ ይበቃኛል።

የቃል ኪዳንሽን ነገር አልረሳሁም፤ በሩ አይዘጋም። ለከርሞ ግን ቀኑን የምቆርጠው እኔ አይደለሁም። ሲንዱ ከመጣች ጠዋት ድንጋይሽ ላይ ትሠራለች፤ ምሳዋን ከድኜ አጠገቧ አስቀምጬ ዝም ብዬ እመለሳለሁ። ስትጨርስ፣ በማንኛውም ቀን ትጨርስ፣ አንድ ላይ ወደ አንቺ እንመጣለን። ለቄሱም ይህንኑ ልኬላቸዋለሁ። ምናልባት እንዘገያለን፤ ጠብቂን። እኔን ሦስት ቀን ጠብቀሽኝ ታውቂያለሽ።

ባልሽ ተጫነ