መቻል ጃዝ ሲባል

አሰላ፣ መጋቢት 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈቃደ ገብረ መድህን
አሥመራ

የምወድህ ልጄ፣

«እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሣሁና አፈርኩ። አራት ዓመት ተመንፈቅ ጤናህን ያልጠየቀ አባት ዛሬ በምን አፉ ይጠይቃል? እናትህ ግን ከጎኔ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች፣ ደህንነታችንን አስቀድሜ እንድጽፍ አዝዛኛለች። ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስህ ሰው የሞተ እንዳይመስልህ ፈርታ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ማንም አልሞተም። የበልጉ ዝናብ ጀምሯል፤ የጭላሎ ተራራም ሰሞኑን ጉሙን እንደለበሰ ነው የሚውለው። እኔ አሁንም ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ ነኝ፤ ከሄድክ ወዲህ የተጨመረልኝ ነገር ቢኖር መነጽር ነው። ውሻችን መቻልም አለ። ፊቱ ሸብቷል፤ ስለ እሱ ኋላ እጽፍልሃለሁ።

አብሮ አደግህ ረዲ አንተ የጻፍክለትን ደብዳቤ አሳየኝ። አትቆጣው፤ እኔ ነኝ ያስጨነቅሁት። ለዳግማይ ትንሣኤ አሰላ መጥተህ ከእነሱ ጋር ሳክስፎንህን እንድትጫወት ሦስት ጊዜ ቢለምንህ፣ «አሰላ ትናፍቀኛለች፤ ነገር ግን በአባቴ በር ፊት ማለፍ አልችልም» ብለህ መልሰህለታል። ያን አንብቤ ከረዲ አባት ሱቅ ወጣሁ፤ የቤቴ መንገድ ጠፍቶኝ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንድትመጣ ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው፤ ግን ወሬው ደስ የሚል ስለሆነ ታገሠኝ።

አሰላ አንተ የምታውቃት አሰላ አይደለችም። የራስዋ ጃዝ አላት። ሦስት ሰዎች ናቸው። ረዲ የአባቱን ሱቅ እየጠበቀ ከበሮዎቹን ይመታል። ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ በጡረታ የወጣ ሰው ትራምፔት ይነፋል። ሦስተኛው ቱሳ ነው፤ የዲክሲስ ልጅ፣ ሐኪም ቤት ቁስል የሚያጥበው። እሱ ከሻይ ሳጥን፣ ከአንድ ረጅም ዘንግና ከአንድ ጅማት የሠራው መሣሪያ አለው፤ ስታየው ያስቅሃል፣ ስትሰማው ግን አትስቅም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ረዲ የፈቃድ ማመልከቻ ይዞ ቢሮዬ ገባ። «የአሰላ ጃዝ» ይላል። ይህን ቃል በመንግሥት መዝገብ ላይ አልጽፍም ብዬ «የልዩ ልዩ መሣሪያ ጨዋታ» ብዬ መዘገብኩት። ረዲ አልተከራከረኝም። የገብረ መድህን ልጅ ለምን ከቤቱ እንደወጣ የማያውቅ በአሰላ የለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እነ ረዲ በአንድ ላንድሮቨር ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ሰፈር ለሰፈር ዞሩ። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ፣ ጃዝ! ጃዝ!» ይላል። እንግዲህ የአሰላን ውሾች አስባቸው። እነሱ ይህን ቃል የሚያውቁት ሌባ ሲመጣ ነው። የቄሱ ውሻ፣ የወፍጮ ቤቱ ውሻ፣ ባለቤት የሌለው ሳይቀር ተነሣ። መቻል አጥር ዘሎ መኪናዋን ተከተለና፣ ከኋላ ቆሞ ሲነፋ የነበረውን የወልደ ጊዮርጊስን ሱሪ ከጉልበቱ በታች ቦጭቆ ቁራጩን ይዞልን መጣ። እናትህ ጨርቁን አይታ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። መቻል እንዲህ ያለ ጨርቅ በአፉ ይዞ ስታየው ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር።

ሱሪውን አስመጥታ ጣፈችው፤ ወስጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ደግሞ እኔን አዘዘችኝ። በማግስቱ አዳራሹ ስደርስ ልምምድ ላይ ናቸው። ወልደ ጊዮርጊስ በተውሶ ቁምጣ ሆኖ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል። ላቋርጠው አፈርኩና ሱሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ ከዚያ ወንበር ሁለት ሰዓት አልተነሣሁም።

ቱሳ በአርሲ ኦሮምኛ እረኛ ከብቱን የሚጠራበትን ዜማ አወጣ። ወልደ ጊዮርጊስ ሰማው፤ ከዚያ ያንኑ ዜማ ተቀብሎ ወደ ሌላ አገር ወሰደው። ረዲ ከሥር ከሥር ይነካካል፣ አይጫንም። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ተራው ሲደርስ የጓደኛውን ሐሳብ አይጥልም፣ ጨምሮበት ይመልሳል። እኔ ሃያ ዓመት በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ የሚደማመጡ ሰዎች አይቼ አላውቅም። ሲጨርሱ የት እንደተጻፈ ብጠይቃቸው፣ ወልደ ጊዮርጊስ መነሻውና መድረሻው ብቻ እንደሚታወቅ፣ መካከሉ እዚያው እንደሚወለድ ነገረኝ። «ታዲያ ቢሳሳቱስ?» አልኩት። የተሳሳተውን ድምፅ ጓደኛው ያነሣለታል አለኝ። አንተ ይህን ልታስረዳኝ ስትሞክር ትዝ አለኝ። አላስጨረስኩህም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም። ከኦጎልቾና ከዴራ ሳይቀር ሰው በጭነት መኪና እየመጣ ይሰማል። ጭፈራውን አልችለውም፤ ጥግ ይዤ በጣቴ ጉልበቴን እመታለሁ። ሰዎች «አቶ ገብረ መድህን ምን ነካው?» እንደሚሉ አውቃለሁ።

ጥር ላይ ረዲ ከአሥመራ ሦስት አዲስ ሸክላ መጥቶለት ጠራኝ። ከማን እንደመጣ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሁለቱ አሜሪካኖች የሚጫወቱት ነው። ፒያኖውን በጣም ወደድኩት፤ ጨዋ ሰው በዝግታ ነገር ሲያስረዳ ይመስላል። ሦስተኛው የፋብሪካ ጽሑፍ የለውም። ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት በእጅ ጽሕፈት «መቻል» ይላል። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፤ የ«ቻ»ን እግር እንደ እኔ ትጎትታለህ። ረዲ ያኔ ነው አንተና የአሥመራ ጓደኞችህ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የቀዳችሁት መሆኑን የነገረኝ።

ሳክስፎኑ ብቻውን ጀመረ። ሁለት አጫጭር፣ አንድ ረጅም ወደ ላይ የሚወጣ። እኔ ከበር ሆኜ መቻልን ስጠራው የማፏጨው ነው። ውጭ ተኝቶ ይጠብቀኝ የነበረው ውሻ ተነሥቶ የሱቁን በር ቧጠጠ፤ ረዲ ሲከፍትለት ገብቶ ከጠረጴዛው ሥር ተጋደመ። ቁጣ እጠብቅ ነበር። ቁጣ የለበትም። ያቺን ፉጨት ይዘህ ቀስ ብለህ ሄድክ፤ አዞርካት፣ ሰበርካት፣ እንደገና ጠገንካት፤ መጨረሻ ላይ ወደ ቤት የሚገባ ሰው ትመስላለች። መቻል ያልከው ውሻውን ይሁን ወይስ ችሎ መኖርን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስድስት ጊዜ አስደገምኩት። በስድስተኛው መነጽሬን አውልቄ ነበር፤ ረዲ ዕቃ እንደሚፈልግ ሆኖ ወደ ጓዳ ገባልኝ።

ቱሳ እዚያው ነበር። አንተ ብትመጣ፣ «ጃዝ» በተባለ ቁጥር የሚነሣውን ይህን ውሻ ምን እንደማደርገው ጠየቅሁት። እሱ ከብትና ውሻ አብሮት ያደገ ነው። «አቦ፣ ጋሼ፣» አለኝ፣ «ውሻ እኮ ቃል አያውቅም። ከቃሉ ኋላ የሚመጣውን ነው የሚያውቀው። እርስዎ ከጃዝ ኋላ ሌባ አመጡለት፤ ሌላ ነገር ያምጡለት።»

ይህ ነገር ከውሻው ይልቅ እኔን ነካኝ። ለእኔም ከዚያ ቃል ኋላ የመጣው ያንተ መሄድ ነበር።

በማግስቱ ጀመርኩ። ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ጃዝ» እላለሁ፤ ሲነሣ ሥጋ የቀረበት አጥንት እሰጠዋለሁ። ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ ቂጣ፤ እሱም ከእኛ ጋር ይጾማል። የመጀመሪያ ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቄ ሌባ ገባ ብላ ዘነዘና ይዛ ወጣች። በሦስተኛው ቀን «አብዷል» ብላ ጠበል እንድትወስደኝ እናትህን መከረቻት። እኔ ግን አልተውኩም። የቅበላ ቅዳሜ የእነ ረዲ መኪና ያንኑ ቃል እየጮኸች ስታልፍ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እየጮኸ ሲሮጥ፣ መቻል ወደ እኔ ዞሮ ጭራውን ቆላና እጄን አሸተተ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዞሬ ዞሬ እዚህ ደረስኩ፤ ከዚህ በላይ መዞሪያ የለኝም።

የመስቀል ማግስት፣ 1951 ዓ.ም.። ናዝሬት ተምረህ ስትመለስ ከእኔ ፊት ለፊት ወንበር አስገኝቼልህ ነበር። አንተ ግን ያን የተቆለመመ ዕቃ ታቅፈህ ግቢው ውስጥ ቆመህ፣ «አባባ፣ ጸሐፊነቱን ትቼዋለሁ፤ አሥመራ ሄጄ ጃዝ ልጫወት ነው» አልከኝ። ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ እየሳቀ ያወራዋል፤ ፈቃደ «ጃዝ» ሲል ውሻው ለእሱ የተባለ መስሎት ባቱን ያዘው ይላሉ። እናትህ ከጓዳ ጩኸትህን ሰምታ ስትወጣ እንዲህ ብለህ የነገርካት አንተ ነህ። እግርህ እየደማ፣ «እኔው ነኝ እማዬ፣ ቃሉ አመለጠኝ» አልካት። እኔም ዝም አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና አራት ዓመት ተመንፈቅ ዝም አልኩ።

አንተ ቃሉን ያልከው ቀስ ብለህ ነው። ውሻው አንገቱን ብቻ ቀና አደረገ፤ መልሶም ተኛ። ሁለተኛውን «ጃዝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ፣ ወደ ውሻው እያየሁ፣ ጣቴን ወደ አንተ ጠቁሜ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ዐውቄው ነበር።

አንተ ተነክሰህ ክብሬን ሸፈንክልኝ። ይህን በልጅነትህ ከየት እንዳገኘኸው እንጃ፤ ከእኔ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዕሬን ሳስቀምጥ እናትህ ቀና ብላ የጻፍኩትን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። ከሰፌዱ ላይ አንዲት ጠጠር አንሥታ ወደ ደጅ ወረወረችና፣ «የዚያን ዕለት እኮ ድምፅህን ሰምቼው ነበር» አለችኝ። ከዚያ ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። በዚህ ቤት መቻል የሚለው ስም ለማን እንደሚገባ እኔ ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

ዛሬ ጠዋት የዳግማይ ትንሣኤውን ማመልከቻ መዘገብኩት። በገዛ እጄ፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ፣ «የአሰላ ጃዝ፤ ሳክስፎን፦ ፈቃደ ገብረ መድህን» ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሙን አላሳረፍኩበትም፤ መልስህን እጠብቃለሁ። ብትቀር አልቀየምህም፤ መቀየም ያንተ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ብትመጣ ግን ሆቴል አትረፍ። አልጋህ እንዳለች ናት፤ እናትህ ብርድ ልብሱን በየወሩ ፀሐይ ታስመታዋለች።

ልጄ፣ ናፍቀኸኛል። የምትነፋበትን ትንፋሽ አምላክ አያሳጥርብህ። ሰው ፊት ስትቆም ሞገስ ይስጥህ፤ የሚያዳምጡ ጓደኞች አያሳጣህ፤ ስትሳሳትም የሚያነሣልህ ይኑር። እናትህ አሰፋች ሁለቱን ጉንጮችህን ስማለች።

አባትህ
ገብረ መድህን

ልረሳው ነበር። ስትመጣ በሩን አታንኳኳ፤ ደጅም ቆመህ አትጥራን። መቻል ከበሩ ሥር ተኝቶ ታገኘዋለህ፤ አትፍራው። ጮክ ብለህ «ጃዝ» በል።