ጫፉ ላይ «ሲ» የምትለዋ

ጥቅምት 8
ዲማ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን። ባለቤቴ ውበቱ እንደ ልማዱ ጋቢውን ተከናንቦ ግንድ ላይ አንቀላፋ። ገብረ ጉንዳኑ መሬቱን አጥቁሮት ይተማል... ወፎቹም ከኋላ ከኋላው፣ የሚሸሸውን ትል ሊለቅሙ። ወፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የአገሩ ሰው ግን ሁለቱንም «የጉንዳን ወፍ» ብሎ ይገላገላል። አይፈረድበትም። ላባቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። የሚለያቸው ዜማ ብቻ። አንዷ «ቱ ቱ ቱ» ብላ ታቆማለች። እህቷ ጫፉ ላይ ቀጭን «ሲ» ትጨምራለች።
ዛሬ ሁሉም ያለ «ሲ»። ብርዱ ይሆን?

ጥቅምት 15
ዛሬም የለችም።

ጥቅምት 19
ደብረ ማርቆስ። ስለ ወፎቹ ሳስተምር ሆዴ ባባ። ተማሪዎቹ ግራ ገባቸው። ከልጅነቴ የማውቃት ወፍ እኮ ናት። «ከደኑ ጠፍታለች» ብዬ መጻፍ ጀመርኩና ተውኩት።
በሕልሜ መጣች። አፏን ከፈተች... ድምፅ የለም።

ጥቅምት 22
ዲማ። ጉም። ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ የሉም።
ጠፋች አልኩት ለውበቱ። ማን? አለ። ጫፉ ላይ «ሲ» የምትለዋ። ጋቢውን ከጆሮው ገለጥ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ዜማዋን ያፏጭ ጀመር። እጮኛሞች ሳለን እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ቱ ቱ ቱ... ጥርሱን ገጥሞ ቀረ።
«ጨርሰው እንጂ።»
«ጨረስኩት እኮ» አለ።
ተያየን።
«የኔአለም... ከራስሽ በላይ ናት። አሁንም ‹ሲ› እያለች ነው።»
ቀና አልኩ። ቅርንጫፉ ላይ፣ ጉሮሮዋ ይርገበገባል። ለእኔ ግን ከ«ቱ ቱ ቱ» በኋላ ጸጥታ። አለቀስኩ። እሷ አለች፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 26
ሐኪም ቤት። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ከጆሮዬ ሄዷል፤ ዕድሜ ነው፣ አይመለስም ተባልኩ። ባጃጅ ውስጥ ውበቱ፣ እንግዲህ ሳማሽም አትሰሚም አለኝ። ሳቅሁ። ቤት ስገባ ከፋኝ።

ጥቅምት 29
ዲማ። አልሄድም ብዬ ነበር። ጎትቶ አመጣኝ።
ግንዱ ላይ ጎን ለጎን። ጋቢው ለሁለታችን። አላንቀላፋም። እጄን ይዞ ወደ ላይ ያያል...
ቱ ቱ ቱ። እጁ ዝም።
ቱ ቱ ቱ። እጁ ዝም።
ቱ ቱ ቱ... አውራ ጣቱ መዳፌን ጫን አደረገኝ።