«ወጣሁ» ያላልሽበት ጠዋት

ውድ እታለም፣

የልጅ ልጅሽን ታቅፈሽ የተነሳሽው ፎቶ ደረሰኝ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከእጅ እጅ ሲዞር ዋለ። «አፍንጫው ቁርጥ እሷን» የሚሉ አሉ፣ አለቃችን ደግሞ «ሕፃን ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ተሰደበ። እኔ ግን ፎቶውን ይዤ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ያን ጠዋት ታስታውሻለሽ? ማስነጠሱ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኝ የአለርጂ ኪኒን ውጬ መጣሁ። አፍንጫዬ ተከፈተ፣ ዓይኔ ማሳከኩን ተወ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። አንቺ ግን የሻይ ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሳስቀምጥና ሲወድቅብኝ ልብ ብለሽ ታዪኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ወረቀት መቁረጫው ሄድን። አንቺ ወረቀቱን ከቢላው ሥር ታስተካክያለሽ፣ እጅሽን ታወጪና «ወጣሁ» ትያለሽ፣ እኔ ቢላውን አወርዳለሁ። ስንት ዓመት የሠራንበት ነው። አወረድኩ።

«አላልኩም» አልሽኝ።

«ብለሻል እኮ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አላልኩም፣ የኔ እህት። እጄን አውጥቼ ሆን ብዬ ዝም አልኩ።»

ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ አሳየሽኝ። ጣቶችሽን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

ማሽኑን አጠፋሽና ለአለቃችን «ቢላው ደንዟል፣ ዛሬ መጽሐፍ ጥረዛ ላይ ነን» አልሽው። እኔ ደግሞ ተሸማቅቄ አኮረፍኩሽ፣ ምሳም አብሬሽ አልበላሁም። አንቺ ኩርፊያዬን ከቁብ ሳትቆጥሪ እጄን ይዘሽ መድኃኒት ቤት ወሰድሽኝ።

ባለመድኃኒቱ ማሸጊያውን አየና፣ «ይሄ እንቅልፍ ባይሰማሽም ሐሳብሽንና እጅሽን ያዘገያል። ማሽን ላይ እንደምትሠሪ ብትነግሪኝ ኖሮ ሌላ እሰጥሽ ነበር» አለኝ። ብዙ የማያደነዝዘውን ሰጠኝ፣ «እሱንም መጀመሪያ በዕረፍት ቀንሽ ሞክሪው» ብሎ።

አመሰግንሻለሁ እታለም። ስለጠረጠርሽኝ አመሰግንሻለሁ። ጠርጥረሽኝም ለማንም ስላልተናገርሽ።

ፎቶውን መቁረጫው አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ሰዉ ሕፃኑን ያያል። እኔ አንገቱን የደገፈውን እጅሽንና ጀርባውን ያቀፈውን እጅሽን አያለሁ።

«ወጣሁ» እስክትይ የምትጠብቅ፣
ታናሽሽ