ስለ መንታዋ ጀልባና ስለ ነጠላው ድስት

ለጓድ ሐዲስ፣
የማኅበራችን የመዝናኛና የአካል ማጎልመሻ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ናዝሬት

ግንቦት 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለፈው እሑድ የጠጡት የላንጋኖ ውሃ ከሆድዎ ጨርሶ እንደወጣ፣ ጉንፋኑም እንደለቀቀዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ የልብስ ስፌት ክፍሏ የሺዓለም ዘገዬ፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የምለጥፈው ደፍሬ ሳይሆን፣ ሂስ የማይቀበል አመራር ይበሰብሳል እያሉ በየስብሰባው ስለሚያስተምሩን፣ እንዳይበሰብሱብን ሰግቼ ነው።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። ለሥልጠና ቡልጋሪያ በሄዱ ጊዜ በጥቁር ባሕር ላይ ያዩት ካታማራን የተባለ ባለሁለት ሆድ ጀልባ ለናዝሬት ሠርቶ አደርም አይቅርበት ብለው፣ ከዝዋይ ዓሣ አጥማጆች ሁለት ጀልባ ተውሰው፣ በጭነት መኪና ላንጋኖ ድረስ አስወስደው፣ ጎን ለጎን በገመድ አሳስረው፣ የመጋዘናችንን በር ነቅለው ከላያቸው ስላነጠፉልን ውለታዎ አይረሳም። ዋና፣ የውሃ ስፖርትና ምሳ ወዳለበት ወደዚህ የአንድ ቀን ሽርሽር የሄድነው በፈቃደኝነት ነበር፤ የቀረ ሰው ስሙ እንደሚመዘገብ አስቀድመው ስለነገሩን ፈቃደኛ ያልሆነ አልተገኘም።

ከዚህ ቀጥሎ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መዋኛ ቁምጣዎቹ። ከሠራተኞች ቀን ሰልፍ በተረፈው ቀይ ጨርቅ ስፉ ብለው ባዘዙን ጊዜ፣ ይህ ጨርቅ ቀለሙን ይለቃል ብዬ ነግሬዎት ነበር። እርስዎ ግን የአብዮት ቀይ አይለቅም ብለው ገሠጹኝ። እንግዲህ ለቀቀ። ከሐይቁ ሲወጡ ከጭንዎ እስከ ጉልበትዎ ቀልተው ያዩ ሴቶች አዞ የነከሰዎ መስሏቸው እሪ አሉ። ስፌቱ ግን እንዳልተተረተረ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምሳው። በእኛ ከተማ ሰርግም ሆነ ተዝካር ሲኖር በአንድ ግቢ ሁለት በግ በሁለት አራጅ ይታረዳል፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ድስት ለየብቻው ይጣዳል። ከዚያ ሁሉም የየራሱን በልቶ በአንድ ዳስ ሥር ሲጨዋወት ያመሻል፤ በዚህ ምክንያት የተጣላ ሰው ከተወለድኩ አላየሁም። እርስዎ ግን ሁለት ድስት ሰፊውን ሕዝብ ይከፋፍላል ብለው አንድ በግ፣ አንድ አራጅ፣ አንድ ድስት እንዲሆን ወሰኑ። የማኅበሩ ሉካንዳ አራጅ ሽኩርም የማንንም ስም ሳይጠራ በዝምታ እንዲያርድ አዘዙት። ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ሁለት ሆድ ያስፈልጋታል ብለው ያን ያህል የደከሙ ሰው፣ ወደ ድስቱ ሲደርሱ ምን እንደነካዎ እስካሁን አልገባኝም።

ውጤቱን አብረን አየነው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላ፤ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ያልተባለበትን አይነካ። በግልጽ ተናግሮ ማን ይመዝገብ? ስለዚህ ሕዝቡ ምግቡን ሳይቀምስ ሆዱን ታመመ። አንዳንዱማ በፋሲካ ሰሞን፣ ያውም በእሑድ፣ ጾም ይዣለሁ አለ። እኔ እንኳ ለሁለቱም ድስት ግድ የሌለኝ ሰው፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ ልጀምር ስል ጸሐፊዎ የምጸልይ መስሎት ምን እያልሽ ነው ብሎ ስላፈጠጠብኝ ጉርሻዬን መለስኩ። ሥጋውን ከጸሐፊዎ ጋር ለሁለት በመወጣትዎ ለከፈሉት መሥዋዕትነት አሁንም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ግን መቀለዱ ያቅተኛል። ሰኞ ጠዋት ሽኩር ቢላዋውን ተቀምቶ ከሥራ ታገደ። በጉን ሲያርድ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል፣ በዚህም የአንድነቱን ምሳ ሆን ብሎ አክሽፏል ተባለ። ጉዳዩም ለአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሊተላለፍ ነው ሲባል ሰማን። ባለቤቱ በድሪያ ቤቴ መጥታ፣ እሱ እኮ ጫማውን ሲያስር እንኳ ያጉረመርማል፣ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ እንኳ የላካቸው አጉረምርሞ ነው፣ እያለች አለቀሰች። እዚያ የገባ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ፣ ስንቱም እንዳልወጣ፣ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ክር በመርፌ ማስገባት አቅቶኛል።

ሙስሊሞቹ እኮ ያልበሉት፣ ቢስሚላህ አልተባለበትም ብለው ነው! ስም ጠርቶ ቢሆን ኖሮ እነሱ ድስቱን ይጠርጉት ነበር።

ደግሞስ የአፍ ነገር ከተነሣ፣ ወጡ ገና ሳይበስል በሐይቁ ላይ የሆነውን ላስታውስዎ። ለፎቶግራፍ ሁላችንም በአንድ ወገን እንድንቆም አዘዙ፤ ቆምን፤ ጀልባዋ ዘመመች፤ ከፊት የነበሩት እርስዎ ወደ ውሃው ገቡ። ያን ጊዜ ማርክስንም ሆነ ሌኒንን አልጠሩም። ድንግል ማርያም ድረሺልኝ ብለው የጮኹትን እኛ ቀርቶ ማዶ ከብት የሚያጠጡት ሰዎች ሰምተውታል። በዚህ አልነቅፍዎትም፤ ሰው ሲሰምጥ የሚጠራው የሚያምነውን ነው። ከነልብሱ ዘሎ ገብቶ፣ በአንገትዎ ይዞ ጎትቶ ያወጣዎት ግን ያ አሁን ቢላዋውን የቀሙት ሽኩር ነው። ሲያወጣዎት የማንን ስም እንደጠሩ አልጠየቀዎትም፤ ለማንም አላመለከተም።

ስለዚህ ሽኩር ወደ ሉካንዳው እንዲመለስ፣ ጉዳዩም በኮሚቴው ውስጥ እንዲቀር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእሱ ከንፈር ወደ አብዮት ጥበቃ የሚሄድ ከሆነ፣ የእርስዎም ጩኸት አብሮት መሄዱ ለፍትሕ ሲባል ግድ ይሆናል፤ ምስክር ሆኖ ለመቅረብ እንደ ሽርሽሩ ሁሉ ብዙ ፈቃደኛ አለ።

ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለጸሐፊዎ የተሻለ ጆሮ፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለመዝናናት በታዘዝኩ ጊዜ ሁሉ የምዝናና ታዛዥዎ፣

የሺዓለም ዘገዬ
ከልብስ ስፌት ክፍል

ማስታወሻ፦ ሽኩር ሲያርድ የተናገረ ወይም ያልተናገረ መሆኑን የሚያጣራ ቡድን እንዳቋቋሙ ሰማሁ። ሊሰማው እስኪችል ድረስ ቀርቦት የነበረው በጉ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እርስዎ በልተውታል።